ካሊ ሊኑክስን ጭኛለሁ፣ ፈቃድም አለኝ፤ የኔትወርክ ፍተሻውን ከየት ልጀምር?

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ ድርጅት የኔትወርክ አስተዳዳሪ ናቸው። አለቃቸው የውስጥ ኔትወርኩን ልክ ሰርጎ ገብ እንደሚያደርገው አድርገው እንዲፈትሹ በቃል ፈቅደውላቸዋል። ለደህንነት ፍተሻ የተዘጋጀውን ካሊ ሊኑክስን በዊንዶውስ ላፕቶፓቸው ላይ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥረው በቨርቹዋልቦክስ ጭነዋል። «የትኞቹን መሣሪያዎች ልጨምር? እንዴት ላዋቅራቸው? ለሙከራ ኤንማፕን (በኔትወርኩ ላይ ያሉ ማሽኖችን የሚፈልገውን ፕሮግራም) ሳስኬደው በዓይኔ የማያቸውን ኮምፒውተሮች የሉም፣ ማንም ያልያዛቸውን አድራሻዎች ደግሞ አሉ ይለኛል። የሚከፈልበት ስካነር ልግዛ ወይ?» ይላሉ።

ስለ መሣሪያዎቹ ዝርዝር ብዙ አይጨነቁ። የሚያስፈልግዎ ነገር ከሞላ ጎደል ካሊ ውስጥ አለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው የሚቸገረው መሣሪያ አጥቶ ሳይሆን መሣሪያው ከተፈቀደለት አልፎ ሲሄድበት ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ ትልቁ ክፍል ማሽንዎን ፈቃድዎ የማይደርስበት ቦታ መድረስ እንዳይችል አድርጎ ማዋቀር ነው። «እጠነቀቃለሁ» ማለት አይበቃም። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ ሰውም ይደክመዋል። ደክሞዎት አንዲት አኃዝ ሲስቱ የሚያስቆምዎ ነገር እዚያው ማሽኑ ላይ መኖር አለበት።

መጀመሪያ የቃሉን ፈቃድ ወደ ወረቀት ያውርዱት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እርስዎ የሚያስኬዱት ትእዛዝና ሰርጎ ገብ የሚያስኬደው ትእዛዝ የሚልኩት ፓኬት አንድ ዓይነት ነው። የሚለያቸው ፈቃዱ ብቻ ስለሆነ ፈቃዱ በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት። የሚፈተሹት የአይፒ አድራሻዎች፣ ጨርሶ የማይነኩት መሣሪያዎች፣ ፍተሻው የሚካሄድባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ የተፈቀዱና የተከለከሉ ስልቶች፣ ነገር ሲበላሽ በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ ይህ ሁሉ ይስፈርበት። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 800-115 የተባለው መመሪያ በአባሪው የዚህ ዓይነት ስምምነት አብነት አለው። ከባዶ ወረቀት ከመነሳት ያንን ይዞ መጀመር ይሻላል።

ማን ይፈርም የሚለው ደግሞ ከይዘቱ እኩል ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2019 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሁለት ባለሙያ ፈታሾች የአንድ ካውንቲን ፍርድ ቤት ሕንፃ ደህንነት ሌሊት ሲፈትሹ ተያዙ። ያሠራቸው የግዛቱ የፍርድ ቤቶች አስተዳደር ነበር፣ የፈቃድ ደብዳቤውም በእጃቸው ነበር። የካውንቲው ሸሪፍ ግን ሕንፃው የካውንቲው እንጂ የግዛቱ አይደለም ብሎ አሰራቸው። ክሱ የተነሳላቸው ጃንዋሪ 2020 ላይ ነው። እርስዎም ኔትወርክዎን በዚህ ዓይን ይዩት። የኢንተርኔት አቅራቢው ያስቀመጠው ራውተር፣ በኪራይ የመጣው ፕሪንተር፣ በሌላ ድርጅት የሚተዳደረው የካሜራ ሥርዓት፣ ክላውድ ላይ ያለው ሰርቨር፣ እነዚህ ሁሉ በአለቃዎ ፊርማ ብቻ የሚፈተሹ አይደሉም። ባለቤታቸው ካልፈቀደ «ከማይነኩት» ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። የክላውድ አቅራቢዎች ምን እንደሚፈቅዱና ምን እንደሚከለክሉ በግልጽ የጻፉት ደንብ ስላላቸው እሱንም አስቀድመው ያንብቡት።

አሁን ግራ ወዳጋባዎ ነገር ልምጣ። ካሊ ውስጥ የራስዎን አይፒ አድራሻ ይመልከቱ። 10.0.2.15 ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ ናት (NAT) በሚባለው ነባሪ አሠራር ላይ ነው ያለው ማለት ነው። በዚህ አሠራር ካሊ ከድርጅቱ ኔትወርክ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመካከል ቨርቹዋልቦክስ የፈጠረው ምናባዊ ራውተር ቆሞ ፓኬቶቹን በራሱ መንገድ እየተረጎመ ያስተላልፋል። ኤንማፕ በአንድ የኤተርኔት ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ማሽኖችን የሚያገኘው ኤአርፒ በሚባለው፣ «ይህን አይፒ የያዘው ማን ነው?» ብሎ በሚጠይቅ መልእክት ነው፣ የኤአርፒ ጥያቄ ደግሞ ራውተር አያልፍም። ስለዚህ ጎረቤት ኮምፒውተሮች ጥያቄውን ጭራሽ አይሰሙትም። «ማንም ያልያዛቸው አድራሻዎች አሉ» የሚለውም ውጤት የሚመጣው በመካከል ያለው ተርጓሚ ስለ ሌላው ሆኖ ሲመልስ ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የተሠራ ሪፖርት ዋጋ የለውም።

መፍትሔው የቨርቹዋል ማሽኑን የኔትወርክ ካርድ ወደ ብሪጅድ መቀየር ነው። ያኔ ካሊ የራሱ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ያለው፣ ከድርጅቱ ኔትወርክ በቀጥታ አይፒ የሚቀበል ማሽን ይሆናል። በኬብል ይሥሩ። በዋይፋይ ላይ ብሪጅድ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም አክሰስ ፖይንቱ ከአንድ ላፕቶፕ አንድ ማክ አድራሻ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከሁሉ የምመርጠው ግን የዩኤስቢ ኤተርኔት አስማሚ ገዝቶ እሱን ለካሊ ብቻ አሳልፎ መስጠት ነው። ዊንዶውሱ ኢሜይልዎንና የዘወትር ሥራዎን በሌላ መስመር ይቀጥላል፣ የፍተሻው ትራፊክ ደግሞ በአንድ ኬብል ብቻ ይወጣል። ያንን ማክ አድራሻና የሚይዘውን አይፒ ኔትወርኩን ለሚከታተሉት ባልደረቦችዎ አስቀድመው ይስጧቸው። ማንቂያው ሲጮኽ የእርስዎ ይሁን የሌላ ሰው ወዲያው መለየት አለባቸው። እርስዎ በሚፈትሹበት ሰዓት እውነተኛ ሰርጎ ገብም ሊኖር ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው እኔ ከሌላው ሁሉ አብልጬ የምወድደው ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉትን አድራሻዎች ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይገልብጡ፣ በየመስመሩ አንድ። የማይነኩትን ደግሞ ለብቻው በሌላ ፋይል። ከዚህ በኋላ አድራሻ በእጅ መተየብ የለም፤ ኤንማፕ ሁለቱንም ፋይሎች ማንበብ ይችላል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ወረቀትዎ 10.20.30.0/24 ቢል 256 አድራሻ ነው። በ2 ፈንታ 1 ተመትቶ /14 ከሆነ ያው ትእዛዝ 262,144 አድራሻዎችን ይሸፍናል። ሌሎች ቅርንጫፎች፣ ሌሎች ክፍሎች፣ ምናልባትም በቪፒኤን የተገናኘ የሌላ ድርጅት ኔትወርክ እዚያ ውስጥ አሉ።

ፋይሉን ከጨረሱ በኋላ አንድም የፍተሻ ፓኬት ሳይልኩ ያረጋግጡት። ኤንማፕ ለዚህ ሊስት ስካን የሚባል ስልት አለው፣ ሰረዝ ተጽፎ ትንሿ ኤስና ትልቋ ኤል ይከተላሉ። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሊፈትሻቸው የነበሩትን አድራሻዎች አንድ በአንድ መዘርዘር ነው፣ ማሽኖቹን አይነካም። ስማቸውን ከዲኤንኤስ ሰርቨሩ እንዳይጠይቅም ሰረዝና ትንሿን ኤን ይጨምሩበት። የወጣውን ዝርዝር ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ፤ ከመጨረሻ ያለውን ድምር በተለይ ይመልከቱ። 256 የጠበቁት ቦታ 512 ካለ እዚያው ያቁሙ።

ከዚያ ያንኑ ፋይል ፋየርዎል ያድርጉት። ካሊ ውስጥ ኤንኤፍቴብልስ የሚባል የሊኑክስ ፋየርዎል አለ። የወጪ ትራፊክ ሰንሰለት ይክፈቱና ነባሪ ውሳኔውን «ጣል» ያድርጉት። የራሱን የውስጥ መስመር ይፍቀዱ፣ በመቀጠል የማይነኩትን አድራሻዎች ይከልክሉ፣ ከነሱ በታች የተፈቀዱትን አድራሻዎች ይፍቀዱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ክልከላው ከፈቃዱ በላይ ካልተቀመጠ በተፈቀደው ክልል መሃል ያለው የማይነካ ማሽን ሳይጠበቅ ይቀራል። የሚጣሉትን ፓኬቶች ይቁጠራቸው፣ ሎግም ይያዝ። ቁጥሩ ከዜሮ ከተነሳ አንዱ መሣሪያ ከወሰን ሊወጣ ሞክሯል ማለት ነውና ለምን እንደሞከረ ይፈልጉ። አንዳንዴ ምክንያቱ አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲመራዎ መሣሪያው ሳይጠይቅ መከተሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀዳዳ አለ። ማስስካንን የመሰሉ ፈጣን ስካነሮች የከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) የቲሲፒ አሠራር ትተው ፓኬቱን ራሳቸው ሠርተው በቀጥታ ለኔትወርክ ካርዱ ያስረክባሉ። ኤንማፕም ኤአርፒ ሲልክ እንዲሁ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ፓኬት በተለመደው የወጪ ሰንሰለት በኩል አያልፍም፣ ስለዚህ የጻፉት ደንብ አያየውም። ከሊኑክስ ከርነል 5.16 ጀምሮ ኤንኤፍቴብልስ ኢግረስ የሚባል፣ ከካርዱ በር ላይ የሚቆም መንጠቆ ስላለው ደንቡን እዚያም ያስቀምጡት። ከዚያ የሚበልጠው ግን ግድግዳውን ከማሽንዎ ውጭ ማቆም ነው። ኬብልዎ በሚሰካበት የስዊች ፖርት ላይ የተፈቀዱትን አድራሻዎች ብቻ የሚያሳልፍ አክሰስ ሊስት ያድርጉ። ስዊቹን የሚያስተዳድሩት እርስዎ ከሆኑ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካሊውን ራሱን በተመለከተ፣ ያወረዱትን ፋይል የሻ256 (SHA-256) ድምር፣ ማለትም ፋይሉ አለመነካቱን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ከዋናው ድረ ገጽ ጋር ያመሳክሩ። ከ2020.1 ስሪት ወዲህ ካሊ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ሳይሆን በተራ ተጠቃሚ ነው የሚነሳ። በተዘጋጀው የቨርቹዋል ማሽን ምስል ውስጥ ስሙም የይለፍ ቃሉም «ካሊ» ስለሆነ ወዲያው ይቀይሩት። በኔትወርኩ ላይ በጣም ደካማው ማሽን የፈታሹ ማሽን መሆን የለበትም። ዲስኩን ያመስጥሩ፤ በሥራው መጨረሻ የድርጅቱ የይለፍ ቃሎች እዚያ ላይ ይሆናሉ። ካሊ ያለማቋረጥ የሚታደስ ስርጭት ስለሆነ ከፍተሻው በፊት ያድሱትና ስናፕሾት (የማሽኑን የወቅቱ ሁኔታ ቅጂ) ወስደው ማደሱን ያቁሙ። በፍተሻው መሃል ማደስ ትናንት የሠራውን መሣሪያ ዛሬ ሊሰብርብዎ ይችላል። ሁሉንም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የሚጭነውን ጥቅል ይተዉት። ለውስጥ ኔትወርክ ፍተሻ ኤንማፕ፣ ፓኬት የሚይዙት ዋየርሻርክና ቲሲፒደምፕ፣ ቀዳዳ ፈላጊው ኦፕንቫስ፣ በቀዳዳዎች መግባት የሚሞክረው ሜታስፕሎይት፣ ሪስፖንደርና በዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎችን የሚሞክረው ኔትኤክሴክ ይበቃሉ። ለውስጥ ድረ ገጾች በርፕን ይጨምሩ። ዋየርሻርክን በሩት አያስኪዱት፤ ፓኬት የመያዝ መብቱን ለተጠቃሚዎ ብቻ መስጠት ይቻላል።

ኤንማፕ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምንም ሳይነግሩት ከ65,535ቱ የቲሲፒ ፖርቶች (የአገልግሎት በሮች) በብዛት የሚታዩትን 1,000 ብቻ ነው የሚፈትሸው። አስተዳዳሪዎች «ለመደበቅ» ብለው ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ያስቀመጡት አገልግሎት በዚህ አይገኝም። በመጀመሪያው ዙር 1,000ውን፣ በሁለተኛው ዙር ሕያው በሆኑት ማሽኖች ላይ ሁሉንም ይፈትሹ። ዩዲፒ የሚባለው ሌላኛው የማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ሊኑክስ ማሽኖች «ይህ ፖርት ዝግ ነው» የሚለውን መልስ በሰከንድ አንድ ብቻ ስለሚልኩ 65,535ቱን ፖርት በአንድ ማሽን ላይ መጨረስ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዲኤንኤስን፣ ኤስኤንኤምፒን፣ ኤንቲፒንና የመሳሰሉትን ጥቂት ፖርቶች ብቻ ይምረጡ። ፍጥነቱን ከ0 እስከ 5 ካሉት ደረጃዎች በነባሪው 3 ላይ ይተዉት፣ በሰከንድ የሚልከውን ፓኬት ደግሞ በቁጥር ይገድቡ። በመካከል ያለ ፋየርዎል የግንኙነት ሠንጠረዡ ከሞላ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሰው ግንኙነት ይጥላል። የውጤቱን ፋይል በሦስቱም ቅርጾች ያስቀምጡ፤ ኤክስኤምኤሉ ወደ ሜታስፕሎይት ይገባል።

የኤንማፕ ስክሪፕቶች በምድብ የተከፋፈሉ ናቸው። «ሴፍ» ከሚለው ይጀምሩ። «ብሩት»፣ «ኤክስፕሎይት» እና «ዶስ» የሚሉት ወረቀትዎ በስም ካልፈቀዳቸው በቀር አይነኩም። ፕሪንተሮችንም ያስቡላቸው። 9100 ፖርት ላይ የተላከላቸውን ሁሉ ያትማሉ። ኤንማፕ የአገልግሎት ስሪት ሲለይ ከ9100 እስከ 9107 ያሉትን በነባሪነት የሚዘልለው ለዚህ ነው። ያንን ጥበቃ የሚያነሳውን አማራጭ ካላወቁት አይጠቀሙበት።

ከፕሪንተር የከፋ አለ። ድርጅትዎ ማሽን የሚያንቀሳቅስ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ የሕክምና መሣሪያ ወይም የሕንፃ መቆጣጠሪያ ካለው ከወሰኑ ያውጡት። ኒስት ስለ ኢንዱስትሪ ቁጥጥር ሥርዓቶች ባወጣው 800-82 መመሪያ የተመዘገበ ነገር አለ። በአንድ ኔትወርክ ላይ ተራ ፒንግ እየተላከ ማሽኖች ሲፈለጉ 9 ጫማ ከሚረዝሙ የሮቦት ክንዶች አንዱ ተንቀሳቅሶ 180 ዲግሪ ዞረ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው የተረፈው ክንዱ ከሚደርስበት ርቆ ስለቆመ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ተመሳሳይ ፍለጋ የቺፕ ማምረቻ መቆጣጠሪያን አደንዝዞ 50,000 ዶላር የሚያወጣ ምርት አበላሽቷል። የተላከው ጥቃት አልነበረም፣ ፒንግ ነው።

ሜታስፕሎይትን ድርጅቱ ላይ ከማስኬድዎ በፊት በተዘጋ ቤተ ሙከራ ይለማመዱበት። ሜታስፕሎይቴብል 2 የሚባል ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ ማሽን አለ። ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ከውጭ ጋር በማይገናኝ ሆስት ኦንሊ ኔትወርክ ላይ ብቻ ያስነሱት። ብሪጅድ ካደረጉት ለድርጅቱ ኔትወርክ ክፍት በር አበረከቱለት ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 የተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ጥሩ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2011 የፕሮግራሙ የማውረጃ ጥቅል በሌላ ሰው ተነክቶ መገኘቱ ታወቀ። በተጠቃሚ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብና የቅንፍ መዝጊያ፣ ማለትም የፈገግታ ምልክት ከገባ 6200 ፖርት ላይ ሼል (ትእዛዝ የሚቀበል መስመር) ይከፍታል። ለዚህ ቀዳዳ የተዘጋጀውን የሜታስፕሎይት ሞጁል ሲያስኬዱ ዋየርሻርክን ጎን ለጎን ይክፈቱ። ምልክቷ በፓኬቱ ውስጥ ስታልፍ፣ ከዚያም የ6200 ግንኙነት ሲከፈት በዓይንዎ ያዩታል። መሣሪያው ምን እንደሚልክ ካላዩ ሰርቨሩ ላይ ምን እንዳደረጉ ለአለቃዎ ማስረዳት አይችሉም።

በእውነተኛው ሥራ ላይ ሜታስፕሎይት ውስጥ ለፍተሻው የራሱ ወርክስፔስ ይክፈቱ፣ የቤተ ሙከራው ውጤት ከድርጅቱ ጋር እንዳይደባለቅ። ሞጁሎቹ የአስተማማኝነት ደረጃ አላቸው። «ኤክሰለንት» የተባለው አገልግሎቱን እንደማይጥል ይታመናል፤ ከሱ በታች ያሉትን ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገሩ አያስኪዱ። «ቼክ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበሉ ሞጁሎች ደግሞ ቀዳዳው መኖሩን ሳይገቡበት ሊነግሩዎ ይሞክራሉ፤ ብዙ ጊዜ ለሪፖርቱ ይኸው በቂ ነው።

ሪስፖንደር በዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ ኃይለኛ ነው። ኮምፒውተሮች ስም ሲፈልጉ በሐሰት እየመለሰ የይለፍ ቃል ሃሾችን (ከይለፍ ቃሉ የተሰሉ ኮዶችን) ይቀበላል። ያ ማለት በዚያ ሰዓት የሚሠሩ ሰዎችን ግንኙነት ያዛባል። በትልቋ ኤ የሚነሳው የማድመጥ ብቻ ስልት አለውና መጀመሪያ በእሱ ይቀመጡ። ማን ምን እንደሚጠይቅ ብቻ ይመዘግባል፣ አይመልስም። የይለፍ ቃል የመገመት ፍተሻ ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የአካውንት መቆለፊያ ገደቡን ይጠይቁ። ገደቡ 5 ከሆነና በእያንዳንዱ አካውንት 5 ጊዜ ከሞከሩ በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሠራተኛ ኮምፒውተሩን መክፈት ላይችል ይችላል።

ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት መቅጃው ይብራ። ሰዓትዎ ከኤንቲፒ ሰርቨር ጋር ይስተካከል፣ የተርሚናሉ ሥራ ሁሉ ወደ ፋይል ይጻፍ፣ ቲሲፒደምፕ ደግሞ በዚያች ኬብል የሚወጣና የሚገባውን ይያዝ። በፍተሻ ሳምንት የሚወድቅ ሰርቨር ሁሉ በፈታሹ ይመካኛል። ሰርቨሩ 4:42 ላይ ከወደቀና የእርስዎ መዝገብ 4:42 ላይ ሌላ ማሽን ላይ እንደነበሩ ካሳየ ውይይቱ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ያወደቁት እርስዎ ከሆኑም የትኛው ፓኬት እንዳወደቀው ማሳየት መቻል ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፣ ሰርጎ ገብም ያንኑ ሊያደርግ ይችላልና። በየማሽኑ ላይ የፈጠሩትን አካውንት፣ የጫኑትን ፋይልና የቀየሩትን ቅንብር በዚያው ሰዓት ይመዝግቡ። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ያነሳሉ፣ ማንሳትዎንም ይጽፋሉ። የሰበሰቡት መረጃ የሚጠፋበት ቀን ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ።

ስለሚከፈልበት ስካነር፣ ለአሁኑ አይግዙ። ኔሰስ እ.ኤ.አ. በ1998 በነፃ የተጀመረ ነበር። በ2005 ኮዱ ሲዘጋ ከነፃው ኮድ ተነስቶ ኦፕንቫስ መጣ፤ አሁን ግሪንቦን በሚባለው ድርጅት ሥር ነው። ለመጀመሪያ ዙር እሱ ይበቃዎታል። የተጋላጭነት መረጃውን ለማውረድ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ወሰን አስከባሪውን ፋየርዎል ከማቆምዎ በፊት አንድ ቀን አስቀድመው ያውርዱት። የትኛውም ስካነር፣ የተገዛም ይሁን በነፃ የተገኘ፣ የሌለ ቀዳዳ አለ የሚልበት ጊዜ አለ። በተለይ የስሪት ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሲፈርድ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ዴቢያንና ሬድ ሃት የስሪት ቁጥሩን ሳይቀይሩ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ስለዚህ «አደገኛ» ብሎ ቀይ ያደረገውን እያንዳንዱን ውጤት በእጅ ያረጋግጡ። ያላረጋገጡትን በሪፖርቱ ውስጥ «ያልተረጋገጠ» ብለው ለይተው ያስቀምጡት።